የፈረሰኛ ሱሪ ልክ፤ በታች ጋይንት በአርብ ገበያ አካባቢ እንደሚታየው

መግቢያ

በጋይንት ምድር ሰው ስለ ፈረስ ብዙ ያወራል። ስለ ቁመናው፣ ስለ አረማመዱ፣ ስለ ዘሩ፣ ስለ ኮርቻውና ስለ ግላሱ ሲነሣ ጨዋታው ሳያልቅ ይመሻል። ፈረሰኛው ራሱ በእግሩ ስለሚያጠልቀው ልብስ ግን የሚናገር ጥቂት ነው። ሆኖም ረዥም መንገድ የሄደ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ፈረሱ ደኅና፣ ኮርቻውም ደኅና ሆኖ ሱሪው ልክ ካልሆነ ጉዞው ቅጣት ይሆናል። ጫማው ለእርካቡ ልክ ካልሆነ ደግሞ ነገሩ ከቅጣትም አልፎ ለሕይወት ያሰጋል።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዐላማ የፈረሰኛ ሱሪ፣ ገምባሌና ጫማ እንዴት እንደሚለካና ለምን እንደዚያ እንደሚለካ ማስረዳት ነው። የጻፍሁት ከሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በክረምት ዕረፍት በአርብ ገበያ ከአንድ ልብስ ሰፊ አጠገብ እየተቀመጥሁ ያየሁትን፤ ሁለተኛ፣ ፈረስ ሲጋልቡ ያረጁ ሁለት የአካባቢው ሽማግሌዎች የነገሩኝን፤ ሦስተኛ፣ በራሴ ገላ ላይ የደረሰውን። በተማርሁበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ትምህርት ስለ ነበረ ጨርቅ መለካትና መቅደድ ጥቂት አውቃለሁ። ነገር ግን ያን ያህሉ ዕውቀት እንደማይበቃ ከዚህ በታች ይታያል።

1. ስለ ሀገሩ

አርብ ገበያ በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል የታች ጋይንት ከተማ ናት። ስሟን ያገኘችው ከገበያዋ ቀን ነው። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በንፋስ መውጫ በኩል ወደ ወልድያ የሚዘልቀው ትልቁ መንገድ በላይ ጋይንት ያልፋል። ከመንገድ ወጣ ሲሉ ግን ሀገሩ ደጋና ገደል፣ አምባና ሸለቆ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፋቸውን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ መንገድ እየተጠረገ ወራት የፈጀባቸው እንዲህ ባለው ምድር ነው።

ስለዚህ መኪና በማይደርስበት ቀበሌ ፈረስና በቅሎ ዛሬም ሥራቸውን አልተዉም። በሜዳው ፈረስ፣ በገደሉ በቅሎ ይመረጣል። ሰርገኛ፣ ለቀስተኛ፣ ካህን፣ ነጋዴ በነዚህ ይሄዳል። አባቶች «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ። እኔ በዚህ ላይ የምጨምረው፣ የሚያደርሰውም መቀመጥ የሚችለውን ሰው ብቻ ነው።

2. ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነው

ባለፈው ዓመት በጥር ወር የአጎቴ ልጅ ሲያገባ ከሚዜዎቹ አንዱ ሆኜ ነበር። የሙሽራዪቱ ሀገር ከሰፈራችን የግማሽ ቀን መንገድ ነው። እኔ ከከተማ የመጣሁበትን ጅንስ ሱሪ ለብሼ በበቅሎ ተቀመጥሁ። ሱሪው ስቆም አምሮብኝ ነበር። የመጀመሪያው ዳገት ሳያልቅ ግን በሁለቱ ጭኖች መካከል የሚያልፈው ወፍራም ስፌት ቆዳዬን መፋቅ ጀመረ። ከጉልበቴ ኋላ ያለው ጨርቅ ተሸብሽቦ ቋንጃዬን ቆነጠጠው። የሱሪው ጫፍ እየተሳበ እስከ ባቴ ወጣ፤ ባዶ የቀረውን እግሬን የእርካቡ ጠፍር ላጠው። ለመውረድ ዐፈርሁ፤ ለመቀመጥም አልቻልሁም። ከሰርጉ ቤት የገባሁት በቅሎዬን እየሳብሁ በእግሬ ነው።

አጎቴ አይቶኝ ሲስቅ ቆየና «ሱሪህ የሚሄድ ሰው ሱሪ ነው፤ የሚቀመጥ ሰው ሱሪ አይደለም» አለኝ። ነገሩን ኋላ ሳስበው፣ ሙሉው ትምህርት በዚህ አንድ ቃል ውስጥ ነበር።

በዚያው ሰርግ ከዚህ የከፋ ነገር ሊደርስ ለጥቂት ቀረ። ከአጃቢዎቹ አንዱ ጎማ ሶል ያለው ወፍራም አዲስ ጫማ አድርጎ በአሮጌ ጠባብ እርካብ ፈረስ ጋልቦ ነበር። ፈረሱ ሲደነብር ሰውዬው ወደቀ፤ እግሩ ግን ከእርካቡ አልወጣ ብሎ ዐሥር እርምጃ ያህል ተጎተተ። ልጓሙን የያዘለት ሰው ባይኖር ኖሮ የሰርጉ ቤት ለቅሶ ቤት ይሆን ነበር። ስለ ጫማና ስለ እርካብ ከታች ለብቻው የምጽፈው በዚህ ምክንያት ነው።

3. ሰው ሲቀመጥ ገላው እንደሚለወጥ

የፈረሰኛ ሱሪ ነገር ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሰው ቆሞ ሲለካና ተቀምጦ ሲለካ ልኩ አንድ አይደለም። አንባቢ ሜትር ይዞ በራሱ ሊሞክረው ይችላል። ከወገብ በኋላ በኩል እስከ ብሽሽት ያለው ርቀት ሲቀመጡ ይረዝማል። የመቀመጫና የጭን ዙሪያ ይሰፋል። ጉልበት ሲታጠፍ ከፊት በሎሚው ላይ የሚያልፈው ርቀት ሲረዝም፣ ከኋላ በቋንጃ በኩል ያለው ያጥራል። ስለዚህ በቆመ ሰው ልክ የተሰፋ ሱሪ ፈረስ ላይ ሲወጡበት ከፊት ያጥራል፤ ከኋላ ይተርፋል። ያጠረው ጨርቅ ጫፉን ወደ ላይ ይስበዋል፤ የተረፈው ደግሞ ቋንጃ ላይ ተከማችቶ ይቆነጥጣል። እኔን ያገኘኝ ይኸው ነው።

በዚህ ላይ ፈረሰኛ እንደ ወንበር ተቀማጭ እግሩን ገጥሞ አይቀመጥም፤ እግሩን ከፍቶ ነው። እግር ሲከፈት የብሽሽቱ ጨርቅ ወደ ሁለት ወገን ይጎተታል። በዚያ ቦታ አራት ስፌቶች በአንድ ነጥብ የሚገናኙ ከሆነ፣ የሰውዬው ክብደት ሁሉ ያን ቋጠሮ በኮርቻው ላይ ይጫነዋል። ስፌቱ ቢጸና ቆዳ ይላጣል፤ ቆዳው ቢጸና ስፌቱ ይተረተራል።

4. ተነፋነፍ ለምን ተነፋነፈ

ከጭኑ ሰፊ፣ ከጉልበቱ በታች ጠባብ የሆነው ተነፋነፍ ሱሪ ከእጀ ጠባብና ከኩታ ጋር የታወቀ የወንድ ልብሳችን ነው። ብዙ ሰው ስፋቱ ለጌጥ የተደረገ ይመስለዋል። ነገር ግን መጀመሪያ የወጣው ለፈረስ ነው።

በሕንድ ሀገር ጆድፑር የምትባል ከተማ አለች። የዚያ ሀገር መስፍን ሰር ፕራታፕ ሲንግ በ1897 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለንግሥት ቪክቶሪያ 60ኛ የንግሥ ዓመት በዓል ከፖሎ ተጫዋቾቻቸው ጋር ወደ እንግሊዝ ሀገር ሄደው ነበር። እንግሊዞች የተጫዋቾቹን ሱሪ አይተው ወደዱት፤ ስሙንም በከተማዪቱ ስም ጆድፑር አሉት። በኛም ሀገር በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሹማምንትና መኮንኖች ይህን የመሰለውን ሱሪ ከገምባሌ ወይም ከረዥም ቡትስ ጋር ይለብሱ እንደ ነበር በዘመኑ ፎቶግራፎች ይታያል። ከከተማው ወደ ባላገሩ ሲወርድ የሀገር ልብስ ሆኖ ቀረ።

የስፋቱ ምክንያት የጨርቁ ጠባይ ነው። አቡጀዴም ሆነ ካኪ በድርና በማግ የተሠራ ስለሆነ አይለጠጥም። የማይለጠጥ ጨርቅ ገላ ሲሰፋ አብሮ እንዲሰፋ ከተፈለገ፣ አስቀድሞ ትርፍ ሊሰጠው ይገባል። ትርፉ የሚሰጠው ገላ በሚሰፋበት በጭንና በመቀመጫ ነው። ከጉልበት በታች ግን ትርፍ ጉዳት ነው፤ በፈረሱ ጎንና በእግር መካከል ገብቶ ይታጠፋልና። ስለዚህ ከላይ ይነፋል፤ ከታች ይጠባል።

በ1958 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአሜሪካ ዱፖንት በሚባለው ኩባንያ ጆሴፍ ሺቨርስ የተባለ ኬሚስት ስፓንዴክስ የሚባለውን እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ክር አወጣ። እንዲህ ያለው ክር ከጨርቅ ጋር እየተቀላቀለ መሠራት ከጀመረ ወዲህ በውጭ ሀገር የፈረሰኛ ሱሪ ስፋቱን ትቶ በገላ ላይ የሚጣበቅ ሆነ። በኛ ገበያ ግን ልብስ ሰፊው የሚቀድደው ጨርቅ አብዛኛው ያው የማይለጠጠው ስለሆነ፣ የተነፋነፍ ጥበብ ዛሬም ጥቅሙ አልቀረም።

5. በአርብ ገበያ ልኩ እንዴት እንደሚወሰድ

ያየሁት ልብስ ሰፊ የሲንጀር መኪናውን ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ አስቀምጦ የሚሠራ በዕድሜ የገፋ ሰው ነው። ሱሪ የሚያሰፋ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ለእግር ነው ለፈረስ?» ብሎ ነው። «ለፈረስ» ካለው እህል በተሞላ ጆንያ ላይ እግሩን ከፍቶ እንዲቀመጥ ያደርገዋል። ጆንያው ኮርቻ መሆኑ ነው። ከዚያም በሚከተለው ተራ ይለካል።

አንደኛ፣ ወገብ። ሜትሩ ሁለት ጣት አስገብቶ ይለካል፤ ሰው ከበላ በኋላም ይጋልባልና።

ሁለተኛ፣ ከፊት ወገብ ተነሥቶ በብሽሽት በኩል አልፎ እስከ ኋላ ወገብ። ይህን ተቀምጦ ሳለ ነው የሚለካው። ልብስ ሰፊው እንደ ነገረኝ፣ ሌላው ሁሉ ቢሳሳት ይታረማል፤ ይህ ቢያጥር ግን ሱሪው ጠፋ ማለት ነው። የኋላው ወገብ ከፊተኛው ከፍ ተደርጎ ይቀደዳል፤ ያለዚያ ፈረሰኛው ጎንበስ ሲል ጀርባው ይገለጣል።

ሦስተኛ፣ የጭን ዙሪያ በወፍራሙ ቦታ፤ በዚህ ላይ ለተነፋነፍ አንድ ስንዝር ወይም ከዚያ በላይ ይጨመራል።

አራተኛ፣ የጉልበት ዙሪያ፤ ጉልበቱ ታጥፎ ሳለ።

አምስተኛ፣ ከጉልበት በታች፣ የባት ወፍራሙ ቦታና ቁርጭምጭሚት። እነዚህ ሦስቱ በሁለቱም እግር ይለካሉ። የሰው ሁለት እግር ብዙ ጊዜ እኩል አይደለም፤ ልብስ ሰፊው የሚይዘው የትልቁን ነው።

ስድስተኛ፣ ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት በውጭ በኩል ያለው ቁመት፤ ይህም ጉልበት ታጥፎ ሜትሩ በጉልበቱ ላይ ሲያልፍ ነው።

ከልኩ በኋላ ስለ ስፌቱ ሦስት ነገር ይጠብቃል። በብሽሽቱ አራት ስፌት በአንድ ነጥብ እንዳይገናኝ መካከሉ ላይ ባለ አራት ማዕዘን ቁራጭ ጨርቅ ይተክላል። ይህ ቁራጭ ስፌቶቹን ከመቀመጫው አርቆ ይበትናቸዋል፤ እግርም በሰፊው እንዲከፈት ያደርጋል። ሁለተኛ፣ ጉልበት ከኮርቻው ጋር በሚፋተግበት በውስጥ በኩል ድርብ ጨርቅ ወይም ስስ ቆዳ ይለጥፋል። ሦስተኛ፣ የሱሪው ጫፍ በቁርጭምጭሚት ልክ ጠባብ ከሆነ ተረከዝ አያሳልፍምና ይተረትረውና ቁልፍ ይተክልለታል። ቁልፉ የሚተከለው በውጭ በኩል ወደ ፊት ተጠግቶ ነው። በውስጥ በኩል ቢሆን ፈረሱንም ሰውንም ይወጋል።

ጨርቁን በተመለከተ አንድ ሕግ አለው። ጥጥ የሆነ ሁሉ ሳይቀደድ በፊት ይታጠባል፤ ይደርቃል። ሳይታጠብ የተሰፋ አቡጀዴ በመጀመሪያው እጥበት ይገባል፤ ልክ የነበረውም ልክ መሆኑ ይቀራል።

ስለ ሴቶች ደግሞ ጥቂት ልጨምር። ሙሽራ በበቅሎ ስትሄድ ወይም ወይዘሮ ለሩቅ ለቅሶ ስትጓዝ ከቀሚሷ ሥር ጫፉ የጠበበ ሱሪ ብታጠልቅ መንገዱ ይቀልላታል። የልኩ ሕግ ያው ነው። ብቻ ወገቡ በገመድ እንዲታሰር ይደረጋል፤ የቀሚሱ መቀነት በላዩ ስለሚያልፍ ቁልፍ ይጎረብጣታልና።

6. ከመክፈል በፊት የሚደረግ ፈተና

ሽማግሌዎቹ አዲስ ሱሪ ሲቀበሉ የሚያደርጉትን ሰብስቤ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

መጀመሪያ፣ ሱሪውን አጥልቆ ቁጢጥ ማለት። ወገቡ ወደ ታች ከተሳበ ወይም ስፌቱ ከጮኸ አጥሯል። ቀጥሎ፣ አንድ እግር እስከ ወንበር ከፍታ ማንሣት። እርካብ ሲረግጡ የሚደረገው ይኸው ነው፤ ጨርቁ ጭንን ከያዘ ፈረስ ላይ አያስወጣም። ሦስተኛ፣ በጆንያ ላይ ተቀምጦ ቋንጃን መዳሰስ። ከአንድ እጥፋት በላይ ከተገኘ ከኋላ ተርፏል። አራተኛ፣ የባቱን ጨርቅ በሁለት ጣት መቆንጠጥ። ጨርቁ ለመቆንጠጥ ያህል ብቻ ሊነሣ ይገባል፤ በእፍኝ ከተነሣ ሰፍቷል፤ ምንም ካልተነሣ እግር ሲያብጥ ደም ይከለክላል። በመጨረሻም፣ ብሽሽቱን ማየት። በዚያ ቦታ ወደ ሁለት ወገን የተሳሉ ሽብሽቦች ከታዩ ሱሪው ጠቧል ማለት ነው።

7. ስለ ገምባሌና ስለ ቡትስ

ገምባሌ የሚለው ቃል ከኢጣልያንኛ የመጣ ሲሆን፣ ከጉልበት በታች ባትን የሚሸፍን ቆዳ ወይም ወፍራም ጨርቅ ነው። ጥቅሙ እግርን ከእርካቡ ጠፍርና ከእሾህ መጠበቅ ነው። ሁለት ልክ ብቻ ይፈልጋል፤ የባት ዙሪያ በወፍራሙ ቦታና ከመሬት እስከ ቋንጃ ያለው ቁመት። ቁመቱ የሚለካው ተቀምጦ፣ ጉልበት በቀጥታ ማዕዘን ታጥፎ፣ ጫማ ተደርጎ ነው። የባቱ ዙሪያ የሚለካው ደግሞ የሚጋለብበትን ሱሪ ለብሶ፣ ከቀትር በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ እግር ቀኑን ሙሉ ሲቆሙበት ያብጣልና።

ቆዳ ሲለበስ በወርዱ ይለጠጣል፤ በቁመቱ ግን ቁርጭምጭሚት ላይ እየተሸበሸበ ጥቂት ይወርዳል። ስለዚህ አዲስ ቡትስ መጀመሪያ ቋንጃን ትንሽ ቢነካ አያስደንግጥ፤ ከለመደ በኋላ ይወርዳል። ገና ሲገዛ በወርዱ ልቅ የሆነ ግን እየዋለ ይብስበታል።

8. ስለ ጫማና እርካብ

የጥንቱ የሀገራችን ፈረሰኛ በባዶ እግሩ ስለሚጋልብ እርካቡ ትንሽ የብረት ቀለበት ነበር። የሚገባበትም አውራ ጣቱ ብቻ ወይም አውራ ጣቱና ቀጣዩ ጣት ነው። ከአውሮፓ የመጡ ተጓዦች ይህን አይተው ተደንቀው ጽፈዋል። ነገር ግን አሠራሩ ብልኅነት አለው። ሰው ሲወድቅ ጣት ከቀለበት በቀላሉ ይወጣል፤ ሙሉ እግር አይያዝም።

ጫማ ሲመጣ ይህ ሥርዐት ፈረሰ። ጣት የነበረበት ቦታ ጫማ ሊገባ ፈለገ። አንዳንዱ እርካቡን ለወጠ፤ አንዳንዱ ግን አሮጌውን እርካብ ይዞ አዲስ ጫማ አደረገ። አደጋው ያለው በሁለቱ አለመገጣጠም ነው። እርካቡ ከጠበበ ጫማው ይሰነቀራል። እጅግ ከሰፋ ደግሞ እግር እስከ ቁርጭምጭሚት ሾልኮ ያልፋል፤ ያም ተመሳሳይ ሞት ነው። ፈረስ አዋቂዎች የሚመክሩት ልክ ጫማው እርካብ ውስጥ ሲገባ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ጣት ያህል ክፍት ቦታ እንዲተርፍ ነው። ጫማውም ተረከዝ ያለው ይሁን፤ ተረከዙ እግር ሾልኮ እንዳያልፍ ያግዳል። ሶሉ ደግሞ ጥርስ የሌለው ለስላሳ ይሁን፤ ጥርስ ያለው ጎማ ብረቱን ይነክሳልና። በሰርጉ ቀን የተጎተተው ሰው ጫማ በሦስቱም ነገር የተሳሳተ ነበር።

መደምደሚያ

ከላይ የተባለው ሁሉ በአጭር ቃል ሲጠቀለል፣ የፈረሰኛ ልብስ በተቀመጠ ሰው ልክ ይሰፋል፤ ትርፉ ገላ በሚሰፋበት፣ ጥበቱ ጨርቅ በሚታጠፍበት ይሆናል፤ ስፌት ከሚፋተግ ቦታ ይርቃል፤ ጫማና እርካብም አብረው ይለካሉ።

ያየሁት ልብስ ሰፊ ይህን ሁሉ በወረቀት አልጻፈውም። ልጆቹም ሥራውን አልያዙም፤ ወጣቱ የተሰፋ ልብስ ከሰልባጅ ተራ ይገዛል። እኔም የገዛሁት ከዚያው ነበር። በየገበያው በረንዳ ላይ የተቀመጡ እንዲህ ያሉ ሰዎች ሳያልፉ ልካቸውንና ቅዳቸውን በወረቀት ላይ ማስቀመጥ ለኛ ለተማሪዎች የሚቻል ሥራ ነው፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። ከሌላ ሀገር የመጡ ጓደኞቼ፣ ይልቁንም የፈረሰኞቹ ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ከሚያከብርበት ከአዊ የመጡት፣ የአካባቢያቸውን ልማድ ጽፈው ቢያቀርቡ ከዚህ ጋር አስተያይቶ መማር ይቻላል። ከሀገሬ ሰዎችም የተሳሳትሁትን ያገኘ ቢያርመኝ ደስ ይለኛል።

እኔ በበኩሌ በዘንድሮው ክረምት ከዚያው ጆንያ ላይ ተቀምጬ አንድ የካኪ ተነፋነፍ አሰፍቻለሁ። ከአርብ ገበያ እስከ አጎቴ ቤት ሄጄበት ተመለስሁ፤ በሁለቱም መንገድ ከበቅሎዬ አልወረድሁም።